የስምንት ሰዓቷ ብስክሌት

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ክትትል ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ፈገግታ የማይለያት አንዲት ወጣት ነርስ ክንዴን በመለኪያው ጠቅልላ እየነፋች፣ “እማማ፣ ትርፍ ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ? ደስ የሚልዎት ነገር ቢኖር ለግፊቱም ጥሩ ነው” አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጨነቀኝ። ቴሌቪዥኑ የልጅ ልጆቼ ነው፤ ጸሎቱን ትርፍ ጊዜ ብዬ ብጠራው የንስሐ አባቴ ይቆጡኛል። “ድሮ ብስክሌት እነዳ ነበር” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ መለኪያውን አስተንፍሳ እንደገና መንፋት ጀመረች። ግፊቱ አናቴ ላይ የወጣ መስሏት ይሆናል፤ አልፈርድባትም።

ስወጣ ሰዓቱ ወደ ስምንት ይጠጋ ነበር። በከዚራ ሰፈር በኩል፣ በኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ቀስ እያልኩ ወደ ቤቴ ሳዘግም ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋል፤ ሱቁ ሁሉ ክፍት ነው፤ ወጣቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጣደፋል። የዛሬዋ ድሬዳዋ በቀትር አትተኛም። እኛ የምናውቃት ድሬዳዋ ግን ከስድስት ሰዓት ጀምራ ዐይኗን ትከድን ነበር። ቢሮው ይዘጋል፤ የመጋላ ገበያ ነጋዴ ሸራውን ይጥላል፤ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጫቱን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሙቀቱ የባሰበት አንሶላውን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ለብሶት ይጋደማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ዐሥር፣ መንገድ ላይ ከፍየልና ከእብድ በቀር የሚታይ ነገር የለም ይባል ነበር። ፍየሎቹን አላውቅም፤ ከእብዶቹ መካከል ግን እኔና ከድጃ ነበርን።

ከድጃ የሥራ ጓደኛዬ ናት። አባቷ ሐረሪ፣ እናቷ ኦሮሞ፣ ቁመቷ እኔን በአንድ ራስ የሚበልጥ፣ ምላሷ ደግሞ ቁመቷን የሚበልጥ። ሁለታችንም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ነበርን። ሥራችን የሚበጠሰውን ክር እየተከታተሉ መቀጠል ነው፤ ክሩ መበጠሱን አይተውም፣ እኛም መቀጠሉን። የማሽኑ ጩኸት አያነጋግርም፤ ስለዚህ የፈትል ክፍል ሴት ሁሉ ከንፈር እያየች ታወራለች፤ ምሥጢርም ሐሜትም በአፍ እንቅስቃሴ ብቻ ከወዲያ ማሽን ወደ ወዲህ ማሽን ይሻገራል። ዛሬም ሰው ሲያናግረኝ ዐይኑን ትቼ አፉን ነው የማየው፤ ይከፋቸዋል። ከድጃ አሁን ጅጅጋ ልጇ ዘንድ ናት፤ በስልክ ስትደውልልኝ ድምፅዋን እየሰማሁ የምትለው አይገባኝም፤ ከንፈሯ የለማ።

ሥራው በፈረቃ ነበር። አንዱን ሳምንት ከንጋት እስከ ቀኑ ስምንት፣ ቀጣዩን ከስምንት እስከ ማታ፣ ሦስተኛውን ሌሊቱን ሙሉ። ከፈረቃው የተረፈው ጊዜ የራሴ እንዳይመስላችሁ። ልጆች አሉ። ባለቤቴ ታፈሰ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበርና ቱታው አለ፤ ዘይት የጠጣ ቱታ ምን ማለት እንደሆነ ያጠበ ያውቀዋል። የቀበሌ ሱቅ የስኳርና የሳሙና ሰልፍ አለ። በዚያ ላይ ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነበር። ሰኞ የውይይት ክበብ፣ ረቡዕ የሴቶች ማኅበር፣ ዐርብ የመሠረተ ትምህርት፣ እሑድ ደግሞ በፈቃደኝነት የሚባል፣ ግን የቀረ ሰው ስሙ የሚነበብበት የጽዳት ዘመቻ። ዐይንን ገልጦ መተኛትን የተማርኩት ያኔ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጭብጨባ ሲሰማ እጅ በራሱ ያጨበጭባል። ሌላው ሰው ወጣትነቱን ሲያስታውስ ዘፈን ይሰማዋል፤ እኔ እግሬን ነው የሚያመኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በጠዋት ፈረቃ ሳምንት ግን አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ስምንት ሰዓት ላይ ከፋብሪካው በር ስንወጣ ከተማዋ ተኝታለች። ታፈሰ ተኝቷል። ልጆቼ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ተማሪዎች ናቸው። ስብሰባው ገና ወደ ማታ ነው። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ በዚህ ምድር ላይ ማንም አይፈልገኝም ማለት ነው። ሌሎቹ ሴቶች በዚያች ሰዓት ወደየቤታቸው ሄደው ምንጣፍ ላይ ይዘረጉ ነበር። እኔም ሞክሬዋለሁ። ጎኔን ሳሳርፍ ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች፤ ወይም ታፈሰ በእንቅልፉ መካከል ውኃ ይጠማዋል፤ ወይም የቀበሌው መልእክተኛ በሩን ይደበድባል። ቤቱ እኔ ውስጡ መኖሬን ካወቀ አያስተኛኝም።

አው ዩሱፍ፣ “አው” እንደ “አባባ” መሆኑ ነው፣ በመንገዳችን ላይ ከባቡሩ አጥር አጠገብ ብስክሌት የሚያከራዩ ሽማግሌ ነበሩ። ግማሽ ሰዓት በስሙኒ። በስሙኒ ያን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ ከትኩስ ባጅያ ጋር ይገኝ ነበርና ቀላል ነገር አልነበረም። ከብስክሌቶቹ መካከል አንዲት አረንጓዴ የሴት ብስክሌት ነበረች፤ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ፈረንጆች ሲሄዱ የተዉአት። መካከሏ ላይ የወንዶቹ ዓይነት ብረት የላትም፤ የኋላ ጎማዋ ደግሞ ቀሚስ እንዳይጎትት በመረብ ተሸፍኗል። ሴት ስለማይከራያት ሁልጊዜ ጥግ ቆማለች። ከድጃ አንድ ቀን ቆም አለችና፣ “ወይኒ፣ እሷን አየሻት? ቀሚስ ለብሳ ቆማ የምትጠብቀው ማንን ይመስልሻል?” አለችኝ።

አው ዩሱፍ ሽርጣቸውን አጥብቀው ከድንጋያቸው ተነሡ። “ለማን ነው?” አሉ።

“ለእኛ” አለች ከድጃ።

እኛን አዩ፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። “ሀዬ። ሰው ተኝቷል፤ ሂዱ። ወላሂ ብትሰብሯት ግን በእሷ ቦታ እናንተን ነው የማቆመው።”

እንዲህ ጀመርን። እኔ ኮርቻው ላይ እወጣለሁ፣ ከድጃ ከኋላ ይዛኝ ትሮጣለች፤ ከዚያ እሷ ትወጣለች። ያኔ የምንለብሰው ሽቲ ነበር፤ ያ ስስ፣ አበባ አበባ ያለበት የድሬ ሴት ቀሚስ፣ ንፋስ ሲነካው ፊኛ የሚሆነው። ከሥሩ ሱሪ እንለብሳለን፤ ጫፉን ጉልበታችን ላይ በላስቲክ እናስራለን። ጸጉራችን በጥጥ ብናኝ ነጭ እንደሆነ ነው፤ ሁለት አሮጊቶች ብስክሌት ሲማሩ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ጂን ነው ብሎ ይሸሽ ነበር። ወደቅን፤ ተላጥን፤ ታፈሰ ጉልበቴን ሲያይ ማሽን ገፋኝ አልኩት። አንድ ቀን ከድጃ ሳትነግረኝ ለቀቀችኝ። ከዚራን ከላይ እስከ ታች ብቻዬን ወረድኩት። የኒሞቹ ጥላ በላዬ ላይ ያልፋል፤ ከአንድ ቤት መስኮት ካሴት የዑድ ዘፈን ያጫውታል፤ ባለቤቱ ዘፈኑን ከፍቶ ራሱ ተኝቷል። በላብ የራሰ ጀርባዬ በንፋሱ በረደ። በዚያች ሰዓት የማንም እናት፣ የማንም ሚስት፣ የማንም ጓድ አልነበርኩም። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን በሕይወቴ ብዙ የለም፤ የሠርጌን ቀን ጨምሬ ነው የምለው። ከድጃም በቁመቷ ተመክታ የወንዶቹን ብስክሌት መንዳት ለመደች፤ የጠዋት ፈረቃ በደረሰን ሳምንት ሁሉ ጎን ለጎን ሆነን እንወጣ ጀመር።

ስሕተታችን የድሬዳዋ ልጅ የማይሠራው ስሕተት ነው። የባቡር ቀን ረሳን። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር በጠዋት መግባት ሲገባው በረሓ ላይ ተበላሽቶ ቀረ፤ ታፈሰም በንጋት ለፈረቃ ስወጣ፣ “ዛሬ ከሰዓት ነው የሚገባው” ብሎኝ ነበር። ከተማዋ በቀትር ትተኛለች ያልኩት የባቡር ፉጨት ካልተሰማ ነው። ፉጨቱ ከተሰማ የታመመም ይነሣል። ሻሽ፣ ሽቶ፣ ተምር፣ ቴርሞስ፣ ሸራ ጫማ፣ ያ ሁሉ ኮንትሮባንድ በቀሚስ ሥርና በጆንያ ታዝሎ ይወርዳል፤ ተሸካሚው፣ ገዢው፣ መንገደኛ መስሎ የሚያልፈው፣ ፈታሹ፣ ሁሉም ወደ ጣቢያው ይጎርፋል። እኔ በአረንጓዴዋ ብስክሌት ቁልቁል እየወረድኩ፣ ሽቲዬ ጉልበቴ ላይ ታስሮ፣ በዚያ ጎርፍ መካከል ገባሁ። ፍሬን ብይዝ የኋላው አይይዝም። ደወሉን እየደወልኩ ሰዉን ከፈልኩት። “ዋሪያ፣ ይቺ የታፈሰ ሚስት አይደለችም?” ሲል ሰማሁ አንዱ። ከድጃ ከኋላዬ ምን እንደምትል ባላይም አውቀዋለሁ።

ከሰዉ መካከል ጓድ አስካለ ነበረች፤ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር። ካኪዋን ለብሳ፣ ቀይ አበባ ያለበት አዲስ ቴርሞስ ታቅፋለች። ኮንትሮባንድ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ብላ ያስተማረችን በቀደመው ረቡዕ ነው። እኔ ቴርሞሱን አየሁ፤ እሷ ብስክሌቱን አየች።

ማታ ታፈሰ እራቱን እየበላ፣ “ብስክሌት ትነጃለሽ አሉ” አለ።

“አዎ።”

ጥቂት አኘከ። “ፍሬኑ ይሠራል?”

“የኋላው አይይዝም።”

“የፍሬኑ ጎማ ተበልቶ ይሆናል። ለአው ዩሱፍ ንገሪያቸው፤ እኔም ከወርክሾፕ የምትሆን ቁራጭ እፈልጋለሁ” አለና ውኃ ጠየቀኝ። ከዚያ በላይ በዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ነፍሱን ይማርና፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ ጎረቤቱ በእሱ ላይ ሲስቅበት እንደሰነበተ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ረቡዕ ደረሰና ስማችን ተጠርቶ ተነሣን። እኔ ግለ ሂስ የማደርግበትን ንግግር በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጊዜዬን በከንቱ ማሳለፌን፣ ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ ማሳየቴን፤ ቃላቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን። ጓድ አስካለ ግን ፈገግ አለች። “ጓዶች፣ የድሬዳዋ ሴት ከማጀት ወጥታ ብስክሌት ላይ መውጣቷን በዐይናችን አይተናል” አለች። ጭብጨባ። “ለዘንድሮው የአብዮት በዓል የሴቶች የብስክሌት ቡድን እናሰልፋለን።” ጭብጨባ። “ልምምዱም ማንም ሥራ በማይሠራበት በስምንት ሰዓት ይሆናል።” እጄ በራሱ ሲያጨበጭብ ቀና ብዬ ከአዳራሹ ማዶ ከድጃን አየኋት። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። “ወሰዱብን” ነው ያለችው።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ያ ነው። ብስክሌቶቹ በትብብር ስም ከየአከራዩ ተሰበሰቡ፤ አው ዩሱፍም ባዶ አጥር ታቅፈው ቀሩ። እኛ በየቀኑ፣ ሌሊት ሠርተን ያደርንም ብንሆን፣ የከሰዓት ፈረቃ የደረሰንም በፋብሪካው ፈቃድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ በፀሐይ ኳስ ሜዳው ውስጥ ስማችን ይጠራል። አረንጓዴዋ ብስክሌት ለሰልፉ መሪ ተሰጠች፤ እኔ ብረት ያለውን ወሰድኩ። በጡሩንባ እንወጣለን፣ በጡሩንባ እንወርዳለን። ብስክሌት የማያውቅ ሰው መፍጠን የሚከብድ ይመስለዋል፤ የሚከብደው መዘግየት ነው። ከፊታችን የሚሄዱት እግረኞች ስለሆኑ በእነሱ እርምጃ ልክ መንዳት አለብን፤ ብስክሌት ደግሞ ካልሄደ ይወድቃል። በዚያ ላይ ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ ማንሳት አለብን። በአንድ እጅ፣ በኤሊ እርምጃ፣ ቀጥ ባለ ሰልፍ፣ በድሬዳዋ የስምንት ሰዓት ፀሐይ። መፈክሩን እያሰማን። ቤቴ ስገባ ልጆቼን ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። ብስክሌት ሳይ ፊቴን አዞር ጀመር። ፋብሪካው ጊዜዬን ወሰደ፣ ስብሰባው ወሰደ፣ ይሁን፤ ኑሮ ነው እንል ነበር። የምወዳትን ነገር ግን ወስደው መልሰው ግዴታ አድርገው ሲሰጡኝ ሆዴ አለቀሰ። እዚያ ማሽን ላይ ክር እየቀጠልኩ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ የጥጥ ብናኝ ነው እላለሁ፤ ማንም አይጠይቅም።

አንድ ቀን ከድጃ ከወዲያ ማሽን ሆና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። “እንውደቅ።”

“ምን?”

“እንውደቅ አልኩሽ። የማይችል ሰው ምን ያደርጉታል? ይተውታል።”

በዋናው ልምምድ ቀን ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር የመጡ እንግዶች ከድንኳን ሥር ተቀምጠው ነበር። ቡድኑ ድንኳኑ ፊት ሲደርስ ከድጃ በዚያ ቁመቷ እንደ ሰካራም ግመል ወዲያና ወዲህ ተወላገደች፣ ወደ እኔ ዘመመች፤ እኔም የምጠብቀው ነገር ስለነበር ብዙ አልተከላከልኩም። ከኋላችን ያሉት ተደራርበው መጡ። አንዷ ሻሿን፣ አንዷ ጫማዋን ስትፈልግ፣ የሁላችንም ግራ እጅ ግን ጡሩንባው ስላልተነፋ ወደ ላይ እንደተነሣ ነበር። ክርኔ ተላጦ ደሙ ይወርዳል። ጓድ አስካለ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። “እናንተ ሁለታችሁ ከዛሬ ጀምሮ ብስክሌት እንዳትነኩ። ብስክሌት ለእናንተ አልተፈጠረም።”

“ልክ ነሽ ጓድ” አለች ከድጃ አንገቷን ደፍታ። “አልተፈጠረልንም፤ ወላሂ።”

በበዓሉ ቀን መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ በእንጨት ይዘን ጠርዝ ላይ ቆምን። ቡድኑ እየተንገዳገደ ሲያልፍ ከልቤ አጨበጨብኩ። ልቤ ያለበት ጭብጨባ በዚያ ዘመን ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ከበዓሉ በኋላ ብስክሌቶቹ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ፤ ቸርኬያቸው የተጣመመ፣ ፔዳላቸው የወለቀ። አው ዩሱፍ ሳምንት ሙሉ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ሲያቃኑ ሰነበቱ። የጠዋት ፈረቃችን ሲደርስ ስምንት ሰዓት ላይ በራቸው ቆምን። አረንጓዴዋን አውጥተው ኮርቻዋን በእጃቸው ጠረግ አደረጉልኝ። ከእንግዲህ ከዚራን መድፈር አልቻልንም፤ ብስክሌት ያልተፈጠረላቸው ሴቶች ነን። በጓሮ በጓሮ ወደ ደቻቱ ነዳን። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከዳር ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ፤ ያ ጎምዛዛ ፍሬውን በጥብጠን የምንጠጣው። እዚያ ስንደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በእነዚያ የልምምድ ሳምንታት የጎደለው እንቅልፍ ሁሉ ተጠራቅሞ የመጣ ይመስለኛል። “ትንሽ እንረፍ” አልኩ። ከድጃ ብስክሌቷን አሸዋው ላይ ጥላ፣ ሽቲዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ተጋደመች። እኔ ሌላ ቃል የተናገርኩ አይመስለኝም።

የነቃሁት የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ሲሰማ ነው። በመጀመሪያ የት እንዳለሁ አላወቅሁም። ማንም አልጠራኝም፤ በር የሚደበድብ የለም፤ ወንፊት የሚዋስ የለም። ለዓመታት እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ዞር ስል አው ዩሱፍ ከዛፉ ግንድ ተደግፈው ሙስበሓቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። ግማሽ ሰዓቱ አልፎ ስንቀር ብስክሌቶቹ የተሰረቁ መስሏቸው በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሲፈልጉን መጥተው ኖሯል። አግኝተውን አልቀሰቀሱንም። ሁለቱን ብስክሌቶች አንሥተው ጎማቸው በፀሐይ እንዳይፈነዳ ጥላው ውስጥ አቁመዋቸዋል፤ እኛ ላይ ደግሞ ዝንብ እንዳይሰፍር ነው መሰለኝ፣ የኒም ቅርንጫፍ አጠገባቸው ተቀምጧል።

ከድጃ ደንግጣ ተነሣች። መቀነቷን እየፈታች፣ “አው ዩሱፍ፣ አፉ በሉን። ስንት ሆነ?” አለች።

“የግማሽ ሰዓት።”

“አረ ስንት ሰዓት አልፎናል!”

“ግማሽ ሰዓት ነዳችሁ፤ የቀረውን ተኛችሁ” አሉ ሽማግሌው፣ ሽርጣቸውን አራግፈው እየተነሡ። “እኔ ብስክሌት እንጂ እንቅልፍ አላከራይም።”

ከድጃ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። እኔም ተከትዬ ሳምኩ።